ስምህን በሌላ ሰው እጅ አትተው

አንባቢ ሆይ፤ ከደመወዝህ ቆጥበህ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተሃል እንበል። አንድ የቤት ባለቤት በርና መስኮት አዘዘህ። ግንቡን የያዘው ተቋራጭ ግን ዛሬ ነገ እያለ ይከርማል። በርህ ቢያልቅም የሚገጠምበት ግንብ የለም፤ ባለቤቱም «አናጢው አጓተተን» እያለ ያወራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ምን ይበጃል? አንደኛ፤ ሥራህ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በውሉ ላይ ለይተህ ጻፍ፤ የሥራ ቀንህም ግንቡን ከተረከብህበት ዕለት ይቆጠር። ሁለተኛ፤ መዘግየቱን ባለቤቱ ከሌላ ሳይሰማ አንተው በጽሑፍ አስታውቀው። ሦስተኛ፤ ተቋራጩን የቀጠርኸው አንተ ከሆንህ ለባለቤቱ ተጠያቂው አንተ ነህ። ስለዚህ ሕጉን እወቅ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772፣ በመደበኛው፣ አልፈጸመልኝም ከማለትህ በፊት ማስጠንቀቂያ እንድትሰጠው ያዛል፤ በቁጥር 1889 ደግሞ ውሉን ላልፈጸመ የሚከፈለውን ኪሣራ ተዋዋዮች አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል።

ከሁሉ በላይ ተቋራጩን በደንበኛ ፊት አትማው፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የሆነውን ከነቀኑ ብቻ ተናገር፤ ግንቡ በደረሰ ዕለትም በርህን ሳታዘገይ ግጠም። ያን ጊዜ ማን እንዳጓተተ ሥራህ ራሱ ይመሰክርልሃል።