ያለ ወቅቱ የመጣ ዐውሎ ነፋስ በምን ይመዘናል?

በሐምሌ ወር ቀኑን ሙሉ ቢዘንብ ገበሬው «ተመስገን» ይላል። ያው ዝናብ፤ በዚያው መጠን፤ በኅዳር ወር የታጨደው ጤፍ ሳይወቃ ቢወርድ ግን የዓመት ልፋት ይበሰብሳል። የዝናብ መለኪያው በሁለቱም ቀን የሚያሳየው ቁጥር አንድ ነው። ታዲያ ከባድ የሚባለው የትኛው ዝናብ ነው? ይህ ጥያቄ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን የአየር ጠባይ ሊቃውንትንም የሚመለከት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት ነፋስን በደረጃ ከፋፈለ። የመዘነውም በመርከብ ሸራ ነበር፤ ዜሮ ማለት ጸጥታ ሲሆን፤ 12 ማለት ማናቸውም ሸራ የማይቋቋመው ነፋስ ነው። ዛሬ ይህ ደረጃ በሰዓት ከ118 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ያለውን ነፋስ ያመለክታል። ነገር ግን ቁጥሩ የነፋሱን ኃይል እንጂ ያገኘውን አገርና ጊዜ አይነግረንም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑን በዚያው በእንግሊዝ አገር የደረሱ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ናቸው። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 16 ቀን 1987፤ በእኛ ጥቅምት 5 ቀን 1980 ዓ.ም. ሌሊት፤ ደቡባዊውን ክፍል መታ። ወራቱ ገና መጸው ስለ ነበረ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አላራገፉም፤ ምድሩም በዝናብ ርሶ ነበር። ቅጠል የለበሰ ዛፍ እንደ ተዘረጋ ሸራ ነፋሱን ይቀበላል፤ ሥሩን የያዘው አፈር ሲለሰልስ ደግሞ ከነሥሩ ይነቀላል። በዚያች ሌሊት 15 ሚሊዮን ያህል ዛፎች ወደቁ። ስሟ «ሰባት የኦክ ዛፎች» ማለት የሆነው የሴቭንኦክስ ከተማ ከሰባቱ ዛፎቿ ስድስቱን አጣች። በብሪታንያ የሞቱት ሰዎች 18 ነበሩ።

ሁለተኛው ጥር 25 ቀን 1990፤ በክረምታቸው እኩሌታ መጣ። ኃይለኛው ነፋስ ያዳረሰው አገር ከፊተኛው ይልቅ ሰፊ ነበር፤ ዛፎቹ ግን ራቁታቸውን ስለ ነበሩ የወደቁት 3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ነፋሱ የደረሰው ሰው በየመንገዱና በየሥራው ባለበት በቀን ስለ ነበረ 47 ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ ፍረዱ ብንባል ለማን እንፈርዳለን? በዛፍ ከቈጠርን የ1987ቱ ይበልጣል፤ በሰው ሕይወት ከቈጠርን የ1990ው። ሊቃውንቱ ሌላም መመዘኛ ይጨምራሉ፤ ይኸውም ብርቅነት ነው። የ1987ቱን ያህል ነፋስ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የሚደርሰው በ200 ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ነው ተብሎ ተገምቷል። በሰሜን ስኮትላንድ ግን እንዲህ ያለው ነፋስ ከዚያ በጣም ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ስለዚህ አገሩ ለምዶታል። ያልለመደውን አገር ያገኘ ነፋስ በቁጥር ቢያንስ እንኳ በጉዳት ሊበልጥ ይችላል።

ከ1987ቱ ጥፋት በኋላ የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የማስጠንቀቂያ አገልግሎቱን አደራጀ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ቢጫ፤ ብርቱካንማና ቀይ የሚባሉት የማስጠንቀቂያ ቀለሞች የሚሰጡት በነፋሱ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳትና ይህ የመሆኑ ዕድል አብረው ይመዘናሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ነፋስ ዛፎች ቅጠል በለበሱበት ወራትና በተራቈቱበት ወራት የተለያየ ቀለም ሊያገኝ ይችላል።

ይህ ነገር እኛን ወጣቶቹን የሚመለከተን ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን ነገ በየወረዳው ተቀምጠን ስለ በረዶ፤ ስለ ጎርፍና ስለ ነፋስ ሪፖርት እንጽፋለን። «ከባድ ዝናብ ጣለ» ብሎ ማኅተም መምታት ቀላል ነው፤ እርዳታውን የሚጠብቀው ሰው ግን በዚህች አንዲት ቃል ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ስንጽፍ አዝመራው በምን ላይ እንደ ነበረ፤ ሰዓቱ ሌሊት ይሁን ቀን፤ አገሩም እንዲህ ያለውን ነገር የለመደ ይሁን ያልለመደ አብረን እንጻፍ። ቁጥሩን ከመለኪያው እናገኘዋለን፤ የቀረውን ግን ገበሬውን ጠይቀን ነው የምንረዳው።