ማፍላት የማያጠፋው መርዝ

በአዘና ያሉ እናቶች ውኃን አፍልቶ ማጠጣት ልጅን ከበሽታ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ እርሳስንና ክሮምን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ባነሰ ቍጥር ማዕድኑ ይበረታል። እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንት ወደ ዕፅዋት ተመልክተዋል። ክሮም ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባው አቃቂ ለዚህ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ የጤፍ ጭድ ክሮምን ከፍሳሽ ለይቶ እንደሚይዝ ገልጧል። ጥቀርሻ በጣራ ላይ እንደሚጣበቅ፥ ማዕድኑም በጭዱ ገጽ ላይ ይጣበቃል።

ይህ ለአዘና ምን ያገባታል የሚል ቢኖር፥ አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ጭድም መኖ ነው፥ የምርጊት ጭቃም ይቦካበታል። ለማጣሪያ ያገለገለ ጭድ ግን መርዙን ተሸክሞታል እንጂ አላጠፋውም። ስለዚህ በነጻ እንኳ ቢገኝ ለፈረስ አይሰጥ፤ ከምርጊት አይግባ፤ በጓሮ አይደፋ። ቢቃጠልም ማዕድኑ ከአመዱ ጋር ይቀራል።

ማጣራቱም የባለሙያ ሥራ እንጂ የጓዳ አይደለም፤ ማዕድን ያለበት ውኃ ኵልል ብሎ ሊታይ ይችላልና። ውኃቸውን የሚጠራጠሩ እናቶች በቤተ ሙከራ እስኪመረመርላቸው ድረስ ልጆቻቸውን ከሌላ ንጹሕ ምንጭ ያጠጡ ዘንድ እንለምናለን።