ከሬአክተሩ ይልቅ ቁራሌው

የቼርኖቢል ኑክሌር ጣቢያ ሬአክተር ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ፈነዳ። 40ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ የጨረር ነገር ሲነሣ ወሬው ሁሉ ከዚያ ሬአክተር አይወጣም። በእርግጥ የጣቢያው ሠራተኞችና እሳት አጥፊዎች፣ 134 ሰዎች፣ በአጣዳፊ የጨረር ሕመም ተይዘው 28ቱ በወራት ውስጥ አልቀዋል። በካንሰር ስንት ይሞታል የሚለው ሙግት እንደ ገማቹ ከሺዎች እስከ አሥር ሺዎች ይዋዥቃል፤ ለኔ አሰልቺ ነው። በ2003 ዓ.ም. በፉኩሺማው የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ደግሞ በአጣዳፊ የጨረር ሕመም የሞተ የለም፤ ብዙ አዛውንት የሞቱት በጥድፊያ ሲሸሹና ከሸሹ በኋላ ነው።

ግሬይ ሰውነት የተቀበለው ጨረር መለኪያ ነው፤ ሰውነት ባንዴ 1 ግሬይ ገደማ ከተቀበለ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል፤ 4 ሲደርስ ካልታከሙት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ክፋቱ ማስመለሱ ቆሞ ታማሚው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት የዳነ መምሰሉ ነው። መቅኔው ግን ደም መሥራት አቁሟል፤ መድማትና ኢንፌክሽን ኋላ ይደርሳሉ። ምን እንደነካው ያልሰማ ሐኪም የምግብ መመረዝ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። አንድ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ቤት ሲቀይር ማሽኑን ባዶ ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። በመስከረም 1980 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ገብተው ፈታቱትና ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ 100 ግራም የማይሞላ ጨረር አመንጪ የሲዝየም-137 ዱቄት ነበር። ሌሊት ሰማያዊ ያበራል! ነጋዴው ዘመድ ጎረቤቱን ጠርቶ አሳየ፣ አካፈለ፤ የ6 ዓመት ልጅ በነካካችበት እጇ ምግብ በላች። ቤተሰቡ መታመም ሲጀምር ነገሩን የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ነበረች፤ የቀረውን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። እሷም ልጅቷም ከሞቱት አራት ሰዎች መካከል ናቸው። 112,000 ያህል ሕዝብ ተመርምሮ 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ።

ታይላንድ ውስጥ በ1992 ዓ.ም. ኮባልት-60 የተባለ ጨረር አመንጪ እንዲሁ ቁራሌ ዘንድ ደርሶ ሦስት ሰው ገደለ። በ2015 ዓ.ም. አውስትራሊያ ውስጥ ከጭነት መኪና የወደቀች 8 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት ጨረር አመንጪ እንክብል 1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ ታሰሰላት፤ ደግነቱ ተገኘች።

ባለ ሦስት ክንፉን የጨረር ምልክት ብረት ፈቺው ከየት ያውቀዋል? ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ11 አገሮች ሰው ጠይቆ፣ በ1999 ዓ.ም. የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ቀይ ምልክት አወጣ፤ ከጎያኒያ 20 ዓመት ያህል ዘግይቶ። የሚለጠፈው በር ላይ አይደለም፤ ማሽኑ ውስጥ፣ ፈቺው ክዳኑን ሲያነሣ በሚያየው ቦታ ነው።