ከመንዝ ገደል ሥር ያለ ሐዲድ፦ የባቡር መሥመርን የጎርፍ ሥጋት መመዘን

መንዝም ግሼም መርሐቤቴም ባቡር አይገባባቸውም። ሐዲዱ ያለው ከግርጌያቸው ነው፦ ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ አልፎ፣ በከሚሴ በኩል ኮምቦልቻ ደርሶ ሐራ ገበያ የሚያበቃው 392 ኪሎ ሜትር መሥመር። የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ግንባታውን በ2007 ዓ.ም. ጀመረ፤ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ግን ዓመታት አለፉ። የጎርፍ ሥጋቱ ሲነሣ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ድልድዮቹ ላይ ነው። እኔ ግን ምዘናው ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

የደጋው ውሃ ሁለት መንገድ አለው። የመንዝ ሜዳ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ስለሆነ አብዛኛው ዝናብ በወንጪትና በሌሎች ገባሮች የጀማን ወንዝ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ዓባይ ነው። መርሐቤቴም በጀማና በወንጪት መካከል ያለ አገር ነውና ጎርፉ ሐዲዱን አያውቀውም። ሐዲዱን የሚያገኘው ከምሥራቁ አፋፍ ወደ አዋሽ የሚወርደው ነው፦ የሮቢ፣ የጀውሃ፣ የአጣዬና የመሰሎቻቸው ወንዞች ውሃ። በመንዝ ያለው የጓሳ ሣር ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ውሃው ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ይጨርሰዋል። ተፋሰሶቹ ጠባብና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ አፋፉ ላይ የጣለው ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ቆላ ይገባል፤ ሐዲዱ ዳር ያለው ሰው ጠብታ ሳያይ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣበት ይችላል።

ለዚህ ድሬዳዋን መጥቀስ ይበቃል። ከተማዋን የቆረቆራት ራሱ ባቡሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ደረሰና በደጫቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ከተማ በቀለ። ደጫቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ገደለ።

ጎርፍ ሐዲድን የሚያበላሸው ከላይ በመሸፈን ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ዋናው ጉዳት ከሥር ነው። ፈጣን ውሃ የድልድይ ምሰሶን መሠረት ይቦረቡራል፤ ድልድዩ ግን ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነው። ከእንጨቱ ወይም ከኮንክሪቱ አግዳሚ ሥር ያለው ጠጠር ይታጠብና ሐዲዱ አየር ላይ ይንጠለጠላል። የመንዝ ገደል ደግሞ ውሃ ብቻ አይልክም፤ ቋጥኝ፣ ግንድና ደለል ይጨምራል። የውሃ ማሳለፊያው ቱቦ በዚያ ሲደፈን የሐዲዱ የአፈር ሙሌት ሳይታሰብ ግድብ ይሆናል፤ ግድብ ሆኖ ስላልተሠራም ይናዳል። ተራራው ራሱም አይታመንም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አቅራቢያ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ1,000 በላይ ቤት አፍርሷል። ትንሽ መሻገሪያም አይናቅም፦ በሕንድ ቫሊጎንዳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ጎርፍ አንዲት ትንሽ ድልድይ ጠርጎ ወሰደ፤ ባቡሩ ባዶው ላይ ደርሶ ከ100 በላይ መንገደኛ አለቀ። ትልቁን ድልድይ ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ሞት የመጣው በትንሿ ነው።

ምዘናው እንዴት ይሠራል? መሐንዲሱ በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ መሻገሪያ የሚደርሰውን ተፋሰስ ይለካል፤ ይህ ዛሬ በሳተላይት የከፍታ መረጃ ቀላል ሆኗል። ከዚያ የዝናቡን ብርታትና የአፈሩን ውሃ የመምጠጥ አቅም ይዞ የጎርፉን መጠን ያሰላል። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የፍሳሽ ዲዛይን መመሪያ አገሪቱን በዝናብ ቀጠና የከፈለው ለዚሁ ነው። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባለው ብዙ ሰው ያሳስታል። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው እንጂ መቶ ዓመት ቆጥሮ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ 50 ዓመት በሚያገለግል መሥመር ላይ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 40 ገደማ ነው። ስሌቱ በቂ መለኪያ ሲኖር ያምራል። የአገራችን የዝናብ ጣቢያዎች የሚበዙት በከተሞች አካባቢ ነው፤ ሳተላይት ክፍተቱን ይሞላል፤ ገደል ላይ የወረደን የአንድ ሰዓት ዶፍ ግን አጥርቶ አይይዝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሐዲድ መረቡ ነው፦ የትኛው መሻገሪያ ቢቆረጥ ሥራ ሁሉ ይቆማል? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በመንገድና በባቡር ሐዲድ ላይ የተፈጥሮ አደጋ በየዓመቱ ያደርሳል ተብሎ ከሚገመተው ጉዳት 73 በመቶው በጎርፍ እንደሆነ ገምቷል። አውሮፓ ውስጥ አንድ ሐዲድ ቢቆረጥ ባቡሩ ብዙ ጊዜ በሌላ ይዞራል። የእኛ መሥመር ነጠላ ነው፤ ጀውሃ ላይ ከተቆረጠ ሰሜኑ በሙሉ ተቆረጠ። አማራጩ የደሴ መኪና መንገድ ነው፤ እሱም የሚያቋርጠው እነዚያኑ ወንዞች ነው።

ጎርፉን ከምንጩ የማዘግየት አርአያ ግን እዚያው አፋፉ ላይ አለ። መንዞች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ራሳቸው ይወስኑ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ላልቶ ነበር፤ ዛሬ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት ቀጥሏል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ዝናቡን ያዘገየዋል፤ የተራቆተ ዳገት ግን ያንኑ ዝናብ ደለል አሸክሞ ቆላ ይጥለዋል። ስለዚህ የባቡሩ ባለቤት ባቡሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ያድርግ፦ ከጣርማ በር እስከ ግሼ ባለው አፋፍ የዝናብ መለኪያ ይትከል፤ ለጓሳ ጥበቃም ከሐዲድ ጥገና በጀቱ ይመድብ።