የተረከዝ ጅማት ሕመምና ቀዶ ሕክምና

ከባታችን ወርዶ ተረከዝ አጥንት ላይ የሚጣበቅ ወፍራም ጅማት አለ። ከጉልበት ኋላ ያለውን ቋንጃ ማለቴ አይደለም። በእጃችሁ ብትነኩት እንደ ተወጠረ ጠፍር ነው። በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። ስንራመድ፣ ዳገት ስንወጣ ተረከዛችንን ያነሳልናል።

ይህ ጅማት በሥራ ብዛት ሲጎዳ ከአጥንቱ ጋር የሚጣበቅበት ቦታ ያብጣል። አንዳንዴም አጥንቱ እንደ እሾህ ያቆጠቁጣል። ሰውየው ጧት ከመኝታው ተነስቶ ሲራመድ ያሠቃየዋል። ጥቂት ሲሄድ ይሻለዋል፤ ብዙ ሠርቶ ሲውል ደግሞ ይብስበታል።

አብዛኛው ሰው ሳይቀደድ ይድናል። ሥራ ይቀንስ፤ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ከኋላ የማይጫን ጫማ ያድርግ፤ የጤና ባለሙያ የሚያሳየውን የባት እንቅስቃሴ ሳያቋርጥ ይሥራ። በጋለ ብረት መተኮስ ግን ቁስል ይጨምራል እንጂ ጅማት አይጠግንም።

ለቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ስድስት ወር ያህል ታክሞ ያልተሻለው ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ያደነዝዘዋል። ከዚያ የተበላሸውን ጅማት ቆርጦ ያወጣል፤ ያቆጠቆጠውን አጥንት ይጠርባል፤ ደህናውን ጅማት መልሶ ከአጥንቱ ጋር ያያይዘዋል። ብዙው ከተበላሸ የእግር አውራ ጣትን የሚያጥፈውን ጅማት አዙሮ ያግዘዋል።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው። እግሩ ለሳምንታት በጀሶ ይታሰራል፤ ሰውየው በምርኩዝ ይሄዳል። ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርለትም። ወደ ከባድ ሥራ ለመመለስ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። በጥር፣ ከውቂያ በኋላ የታከመ ገበሬ እንኳ ለሰኔው እርሻ ላይደርስ ይችላል። እንግዲህ ማን እንደሚያርስለት ሆስፒታል ሳይገባ ከቤተሰቡና ከወንፈል ጓደኞቹ ጋር ይነጋገር።