የድረ ገጽ ዲዛይን ሙያና የሥራ አማና

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ውስጥ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሮ የሚውል ወጣት አለ። ቢሮ አይሄድም፤ አለቃ የለውም፤ የደመወዝ ቀኑም አይታወቅም። ወላጆቹ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት «የድረ ገጽ ዲዛይነር ነኝ፤ በግሌ እየተዋዋልኩ እሠራለሁ» ይላቸዋል። ከዚህ መልስ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ገቢውስ ንጹሕ ሐላል የሚሆነው እንዴት ነው? በዛሬው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ ሁለቱንም እንመለከታለን።

ሥራው ምንድን ነው?

አንዲት እናት በስልኳ ገንዘብ ለመላክ ስትሞክር እናስብ። የትኛውን ልጫን? ገንዘቡ ሄደ ወይስ አልሄደም? ብሳሳት መመለስ ይቻላል? እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ የሚያስብላት ሰው አለ። ቁልፉን በሚታይ ቦታ ያደርጋል፤ ጽሑፉን ግልጽ ያደርጋል፤ ስሕተት ሲፈጠር መመለሻ መንገድ ያዘጋጃል። ይህ ባለሙያ «ዩኤክስ ዲዛይነር» ይባላል፤ የተጠቃሚውን ተሞክሮ የሚያቅድ ማለት ነው። ስያሜው መታወቅ የጀመረው ዶናልድ ኖርማን የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአፕል ኩባንያ ሲሠሩ ከተጠቀሙበት በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ዲዛይነር ሲባል ቀለም የሚመርጥ ብቻ ይመስለዋል። ጥሩ ባለሙያ ግን ከመሳሉ በፊት ይጠይቃል። ገጹን የሚጠቀመው ማን ነው? አረጋዊ ነው ወይስ ተማሪ? ትልቅ ኮምፒዩተር አለው ወይስ ትንሽ ስልክ? ከዚያ በኋላ በወረቀት ይነድፋል፤ በኮምፒዩተር ያዘጋጃል፤ ለሰዎች ሰጥቶም የት ላይ እንደሚደናገሩ ዝም ብሎ ይመለከታል። ያኮብ ኒልሰን የተባሉ የዘርፉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፉት፣ በአንድ ዙር 5 ሰዎችን መመልከት አብዛኞቹን ችግሮች ለማግኘት ይበቃል። ለዓረብ አገር ደንበኛ የሚሠራ ሰው ደግሞ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ የገጹን አቀማመጥ ይገለብጣል፤ «ቀጣይ» የሚለውን ቀስትም ወደ ግራ ያዞራል። ቁርኣን የቀራ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ውሉ ግልጽ ይሁን

በፊቅህ መጻሕፍት ይህን መሰሉ ሥራ በኢጃራ ምዕራፍ ሥር ይታያል። ዑለማኦች ሠራተኛን በ2 ይከፍሉታል። ጊዜውን ለአንድ አሠሪ ብቻ የሰጠው «አጂር ኻስ» ሲባል፣ እንደ ልብስ ሰፊ ለብዙ ሰው የሚሠራው «አጂር ሙሽተረክ» ይባላል። በግሉ የሚሠራ ዲዛይነር ባብዛኛው ከሁለተኛው ይመደባል። በሁለቱም ዘንድ ሥራውም ክፍያውም መታወቅ አለበት፤ ካልታወቀ ገረር ማለትም ጠብ የሚያመጣ ድብቅነት ይገባበታል።

በእኛ ዘንድ ግን «አንተ ብቻ ጥሩ አድርገህ ሥራው፤ በገንዘቡ አንጣላም» ማለት የተለመደ ነው። ጠቡ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር የወረደ መሆኑን እናስታውስ። ስለዚህ ዲዛይነሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስንት ገጽ እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያርም፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት እንደሆነና የሥራው ፋይል የማን እንደሚሆን ይጻፍ። በሰዓት የሚከፈለው ከሆነም ያልሠራበትን ሰዓት አይቁጠር። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን የሚያጎድሉትን ታስጠነቅቃለች፤ ሰዓትም ሚዛን ነው።

የተደበቀው ርጥብ እህል

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር ርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ባለማድረጉም ሻጩን እንደገሠጹት በሐዲስ ተዘግቧል። ዛሬ የእህሉ ክምር ስክሪን ሆኗል። ዋጋው በመጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት ሲጨምር፣ ሳጥኑ ገዢው ሳያውቅ አስቀድሞ ምልክት ሲደረግበት፣ መመዝገቢያው በ1 ጫና ሲያልቅ መሰረዣው ግን በ6 ገጾች ሲደበቅ፣ ይህ ከሥር የተደበቀ ርጥብ እህል ነው።

ሃሪ ብሪግነል የተባሉ እንግሊዛዊ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ ዓይነቱ ማታለያ «ጨለማ ስልት» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት። ዛሬ በሕግም ያስጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በትላልቅ የኢንተርኔት መድረኮች ላይ እንዲህ ያለውን አሠራር ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2025 አማዞን ደንበኞችን ያለ ፈቃዳቸው ለወርሃዊ አገልግሎት አስመዝግቧል፣ መውጫውንም አወሳስቧል ተብሎ የቀረበበትን የአሜሪካ መንግሥት ክስ ጥፋቱን ሳያምን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘግቷል።

እንግዲህ ደንበኛ «መሰረዣውን ደብቅልኝ» ቢል ዲዛይነሩ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» ብሎ ከአማናው አይወጣም። ቁልፉን ያስቀመጠው የእሱ እጅ ነው። መጀመሪያ በጥበብ ይምከር፤ የተታለለ ገዢ ሁለተኛ እንደማይመለስ ያስረዳ፤ ግልጽ የሆነውን ገጽ ሠርቶ ያሳይ። እምቢ ካለ ሥራውን ይተው። ወለድ ለሚያበድር ወይም ቁማር ለሚያጫውት ድርጅት ገጽ መሥራትም እንዲሁ ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሪባ ጉዳይ በላተኛውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም አብረው አውግዘዋል። በሚያጠራጥረው ጉዳይ ላይ ዓሊም ይጠይቅ።

የቤተሰብና የአሠሪ ድርሻ

አማናው የዲዛይነሩ ብቻ አይደለም። ነጋዴ ወንድማችን፣ የእህትህን ልጅ «የሱቄን ድረ ገጽ ሥራልኝ» ብለህ ለወር ካደከምከው በኋላ «የቤት ልጅ አይደለህ እንዴ?» ብለህ አትሸኘው። እጁ ላይ አቧራ ስላላየህ አልደከመም ማለት አይደለም። የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ልጁ በፈቃዱ ለመስጂድ ወይም ለዘመድ በነጻ ቢሠራ ሰደቃ ነው፤ በይሉኝታ ተይዞ የሠራው ግን ሰደቃ ሳይሆን የተወሰደ ሐቁ ነው።

እናቶችና አባቶችም ሥራውን እንደ ጨዋታ አትዩት፤ እንዲያውም ገጹን አምጥቶ ሲያሳያችሁ ሞክሩለት። «ይሄ አልገባኝም» ማለታችሁ ለእሱ ትልቅ እገዛ ነው። በምሽት ከውጭ ደንበኛ ጋር ሲነጋገር ቢያመሽ ፈጅር እንዳያልፈው ቀስቅሱት። ገቢውን ብቻ ሳይሆን «ዛሬ የሠራኸው ገጽ ሰውን የሚረዳ ነው ወይስ የሚያታልል?» ብላችሁም ጠይቁት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃልን፤ በሥራቸውም በረካ ያድርግላቸው። አሚን።