ባሕር ዛፍና የሽንት ቤት ጕድጓድ

ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ በአዲስ ዘመን ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ፤ «በሽንት ቤታችን ጕድጓድ አጠገብ ባሕር ዛፍ ብንተክልስ?» ሲል ጠየቀኝ።

ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ፣ ማገዶና ማገር የሰጠን ባለውለታ ነው። ነገር ግን ሥሩ እርጥበት ፍለጋ ሄዶ ቧንቧውን ይደፍናል፤ የጕድጓዱን ግንብም ይሰነጥቃል። ግንቡ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ፍሳሹ ወደ ጎረቤት የውሃ ጕድጓድ ሊሰርግ ይችላል፤ ተቅማጥና የአንጀት ተስቦም ይከተላሉ።

ስለዚህ ዛፉ ሲያድግ የሚኖረውን ቁመት ያህል ከጕድጓዱ ይራቅ። በጕድጓዱ ላይ ሥሩ አጭር የሆነ ሣር ይብቃ። ሰላጣና ካሮት ግን አይዘራበትም፤ የወስፋት እንቍላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያልና።

አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎ ግቢ ጥላ የጎረቤትዎ ሕፃን ሕመም እንዳይሆን፣ ችግኙን ከመትከልዎ በፊት ጕድጓዱ የት እንዳለ ይመልከቱ።